ያለ ፈቃድ መሞት የተከለከለው ዳታቤዝ

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሰውየውን «ቅጽበት» ይለዋል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ካለፈ በኋላ። ስሙ የወጣለት በአውቶቡስ ትኬት ድርጅቱ የዳታቤዝ ክፍል ኃላፊ ሆኖ በተሾመ ሰሞን፣ በየስብሰባው «በቅጽበት» ማለት ስላበዛ ነው። በኑሮው ግን ከቅጽበት ጋር ሥጋም ጋብቻም የለውም። ጠዋት ኮቱን እስኪመርጥ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ቁልፍ ታንቀጫቅጫለች። ሻዩንም የሚጠጣው ሻዩ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሚስቱ የዚያው ድርጅት ትኬት ቆራጭ ናት። እሱ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ ውስጥ ሲውል እሷ መናኸሪያው ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ትውላለች። «ሲስተም የለም» የሚለውን መርዶ ለሕዝብ የምትነግረውም፣ ስድቡን የምትቀበለውም እሷው ናት።

ድርጅቱ መረጃውን የሚያስቀምጠው ክላውድ በሚሉት፣ ከሌላ ኩባንያ በተከራየው ማሽን ላይ ነው። ዋናው ዳታቤዝ የሠራውን ሁሉ እግር በእግር እየገለበጠ የሚጠብቅ ተጠባባቂም አለው። ዋናው ሲወድቅ ተጠባባቂው እስኪተካ ድረስ ግን ትኬት አይቆረጥም፤ መንገደኛ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያዛጋል። ሥራ አስኪያጁ ይህቺን ክፍተት አሳጥሩልኝ ሲሉ ቅጽበት ብድግ አለና፣ ዐይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ ብቻ ይበቃናል አለ። ራስ ሳይጠና ጉተና ይሏል ይሄ ነው።

ሙከራው በቦርዱ ፊት ተደረገ። ቅጽበት ዋናውን ዳታቤዝ እንደ ክቡር እንግዳ በሥርዓት አሰናበተው፤ ተጠባባቂው ወዲያው ቦታውን ያዘ። ተጨበጨበ። ቅጽበትም ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብሎ እጅ ነሣ።

ያላጨበጨበች አንድ ሰው ነበረች፤ ምክትሉ። ይህቺ ሴት ምላሷ ስለት ነው። ከአዳራሹ እንደወጡ፣ ማሽን ሲሞት ዘመድ ሰብስቦ፣ ተናዝዞ አይሞትም አለችው። ይባስ ብሎ ደግሞ ቅጽበት አንድ ደንብ አስገብቶ ነበር። ተጠባባቂው ዋናው መውደቁን አረጋግጦ፣ ተዘጋጅቶ ካበቃ በኋላ እንኳ በኃላፊው ስልክ ላይ «ፍቀድ» የምትል ምልክት ትመጣለች፤ ያቺ ካልተነካች ንቅንቅ የለም። በሙከራው ቀን ስልኩን በመዳፉ ይዞ ስለነበር ማንም ልብ አላለም።

«ይህቺን ፈቃድ ያንሷት» አለችው። «አንድ ቀን ታዋርደናለች።»

«ኃላፊነት የሚባል ነገር አለ» አላት። «ማሽን ማሽንን ሲሾም ቁጭ ብዬ ልይ?»

ነገሩ ኃላፊነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ተጠባባቂው ያለ እሱ ቦታውን ከያዘ፣ ሰዎች አንድ ቀን «ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁስ? ይህን ለሚስቱ አልነገራትም። ለራሱም ቢሆን በሹክሹክታ ነው የነገረው።

ዝናው ሲወራ ሰንብቶ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ለባለሙያዎች ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ርእሱ ከውድቀት በኋላ ፈጥኖ ስለመነሣት ነበር። ቅጽበት አዲስ ክራቫት አሰረና፣ ክብሩን የሚነካ ጥሪ እንዳይመጣ ስልኩን ዘግቶ መድረክ ላይ ወጣ። ዋናው ዳታቤዝም፣ ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል፣ በዚያው ጠዋት ወደቀ። ተጠባባቂው እንደተባለው ነቃ፣ ተዘጋጀ፣ ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ ቆሞ ቀረ።

መናኸሪያው ውስጥ ሚስቱ የተለመደውን መርዶ ተናገረች። አንድ ሻንጣ የተሸከሙ አዛውንት ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው «የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ንግግር እያደረገ ነው ልትላቸው ትንሽ ነበር የቀራት። ምክትሉ ደጋግማ ስትደውል ስልኩ ዝግ ሆነባትና ታክሲ ይዛ ወደ ሆቴሉ በረረች።

ስትደርስ ቅጽበት ንግግሩ እየጣፈጠው ነበር። ከኋላ ሆና እጇን ስታወዛውዝ አየና ልታደንቀው የመጣች መሰለው። በዚህ መሐል ከታዳሚው አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፣ እዚሁ ተቀምጦ በስልኩ ትኬት ሊቆርጥ ቢሞክር እንቢ እንዳለው ተናገረ።

«አሁን ይሞክሩት» አለ ቅጽበት ፈገግ ብሎ። «እኔና እርስዎ ስናወራ ተቀይሯል።»

ሰውየው ሞከረ። እንቢ አለ። ጎረቤቱም ሞከረ። ሳቁ ከኋላ ወንበሮች ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ምክትሉ መተላለፊያውን ሰንጥቃ መድረኩ ላይ ወጣችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች፤ ድምፅ ማጉያው ግን ከጆሮው ይልቅ ለአፏ ቅርብ ነበር።

«አለቃ፣ ሕዝቡም ማሽኑም እርስዎን እየጠበቀ ነው። ስልክዎን ይክፈቱ።»

አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ስልኩ ደግሞ የባለቤቱን ጠባይ ወርሶ እያንቀላፋ ተነሣ። ቅጽበት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ፍቀድ» ላይ ጣቱን አሳረፈ። መናኸሪያው ውስጥ ትኬት መቆረጥ ጀመረ።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ሳትል የተቀበለችውን ስድብ አንድ በአንድ አወራችለት።

«አንዱ ደግሞ ‹ይህን ጉድ የሠራውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«በሩቁ አልኩት።»

ሥራ አስኪያጁ አልቆጡም፤ ጉዳዩን ለምክትሉ ሰጡ። እሷም ያቺን ፈቃድ ነቅላ ጣለችና ዋናውን ሳታሰናብት በድንገት እየገደለች ደጋግማ ፈተነችው። ተጠባባቂው በየጊዜው ማንንም ሳይጠይቅ ቦታውን ያዘ። እሷ የጻፈችውን የሥራ ሪፖርት ለቦርዱ ማንበብ ግን የኃላፊ ወግ ስለሆነ ያነበበው ቅጽበት ነው፦ «የመዘግየቱ ዋና ምክንያት መሐል ላይ ገብቶ የነበረ አላስፈላጊ ሰው በመሆኑ፣ እንዲወገድ ተደርጓል።» አንብቦ እስኪጨርስ ማንም አልሳቀም። በሩ ከኋላው እስኪዘጋ ታግሠውታል።

ዛሬም ኃላፊ ነው፤ ምንጣፉም አልተነሣበትም። ዋናው አልፎ አልፎ ይወድቃል፣ ተጠባባቂው ይተካል፣ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው በኋላ ይሰማል። በቀደም ለት ሚስቱ ከሥራ ስትገባ ጠብቆ፣ ከምሳ በፊት ወድቆ እንደነበር አወራላት፤ እናንተ ጋስ እንዴት ነበር አላት።

«ምኑ?» አለች።

«ዋናው ነዋ።»

«እኔ እንጃ፣ ስቆርጥ ነው የዋልኩት» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አንድ መንገደኛ እንኳ ለአፍታ ቆሞለት ቢሆን ግን የበለጠ ደስ ይለው ነበር።