የባርባ ኒኮን ቃል ሳቃና

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። «ማሚ፣ ማለቴ፣ ‹ሆዴ ባባ› ኢንግሊሹ ምንድነው ብዬው፣ ስቶማክ ምናምን ይለኛል» አለች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። በእንዲህ ያለ ቃል የተነሳ አንድ አባትና ልጅ እንደተለያዩ መቅረታቸውን እንዴት ብዬ ልንገራት?

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ፋርመርስ ብራንች የምትባል ከተማ ውስጥ፣ መጋዘኖቹ መሀል፣ ባርባ ኒኮ የሚባሉ ግሪካዊ ሽማግሌ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረቻቸው። ባርባ ማለት እንደኛ ጋሼ ነው። እኔ ቀን እሳቸው ጋ አስተናግዳለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ጭነት አውራጆቹ ምሳቸውን በልተው ሲወጡ ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ እንቁላልና ሎሚ የተመታበት የዶሮ ሾርባቸውን ቀድተው ፊቴ ያስቀምጣሉ። በነሐሴ፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሙቀት፣ የሚፋጅ ሾርባ! እምቢ ማለት ግን አይታሰብም።

አንድ ቀን ወረቀት ይዘው መጡ። ሮውሌት የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ያልወደዱትን ሰው አገባች ብለው ከሰርጓ ቀርተው፣ «ልጅ የለኝም» ብለው ለሰው ሁሉ አውርተው ነበር። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ኮል ሲያደርጉ ትዘጋለች፣ በሯን ሲያንኳኩ አትከፍትም። እንግሊዝኛ ይናገራሉ እንጂ ማንበብም መጻፍም አይሆንላቸውም፤ ልጅቷ ደግሞ የግሪኩን ፊደል አልለየችም።

«ፕሮፌሰር፣ አንቺ ጻፊልኝ። ቀብሬ ላይ ከምትመጣ አሁን ትምጣ» አሉኝ።

ፕሮፌሰር የሚሉኝ ኮሌጅ ስለገባሁ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የግሪኩን አባባል በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያመጡት እኔ በአማርኛ ይገባኛል። «ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች» ይላሉ፤ ይሄማ የኛ ነው እላለሁ። «ደም ውሃ አይሆንም» ይላሉ፤ እሱም የኛ። «አንቺን ፍለጋ ዓለምን በላሁ» ያሉት ብቻ አዲስ ሆነብኝ፤ ያልፈለግኩሽበት ቦታ የለም ማለታቸው ነበር። መግቢያው ላይ ደግሞ «ዓይኖቼ» በይልኝ አሉ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጠሯት እንደዚያ ነው። እኔንም እናቴ «ዓይኔ» ነበር የምትለኝ።

ታዲያ እንዳለ ጻፍኩት? ኧረ ምን ሲደረግ! በዚያው ሰሞን «ሆዴ ባባ»ን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ ድርሰቴ ላይ አስገብቼው፣ ክፍሉ ሁሉ ስቆብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዋቂ ሆንኩ። ከላይብረሪ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ መጽሐፍ ተውሼ ለያንዳንዱ አቻ ፈለግኩለት። አጥንት ሰባሪዋን ምላስ «ሳላስብ የተናገርኩት ነው» አደረግኳት። ለደሙ፣ ከውሃ ይወፍራል የሚሉትን ሰጠሁት። ዓለምን መብላቱን ሰረዝኩ። «ዓይኖቼ»ንም ሰርዤ «ውድ ልጄ» አልኩ። ከዚያ አነበብኩላቸው።

«እንዲህ ነው የሚባለው?»

«አዎ፣ እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። መጀመሪያ ለራሴ አነበብኩት። «ይህ የአባቴ ቃል አይደለም፤ አባቴ እንዲህ አይናገርም። ሌላ ሰው የጻፈው ይቅርታ አልፈልግም። የምሩን ከሆነ በልጅነቴ በሚጠራኝ ይጥራኝ፣ እመጣለሁ» ይላል። ባርባ ኒኮ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ፊቴ ቆመዋል።

«ምን አለች?»

እንግሊዝኛዬ የሳቸው እንዳልሆነ በመታወቁ አፈርኩ። አዎ፣ በዚያች ሰዓት ያሳሰበኝ እሱ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ገና ነኝ ትላለች» አልኳቸው።

«ገና?»

«ገና።»

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገ ሌላ ነገ ወለደ። እውነቱን ሳልናገር ላስተካክለው ብዬ ሌላ ደብዳቤ እንጻፍ ስላቸው «ይብቃ፣ አታስቸግሪያት» አሉ። ሾርባውን ግን መቅዳት አልተዉም። ቅዝቃዜው ሳይገባ ቤቱን ሸጠው አገራቸው ገቡ። አድራሻም አልጠየቅኳቸው፣ ልጅቷም ጋ አልሄድኩ፤ በምን ዓይኔ!

ዛሬ ሃምሳን አልፌያለሁ። ልጅ ነበርሽ የሚለኝ አይጠፋም። ልጅነት አልነበረም፣ ኩራት ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያቺ ሴት አባቷ እንዳልጠሯት እያሰበች አርጅታ ይሆናል። ጠርተዋት ነበር። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።