በጅዳና በመካ መሃል ያለች ቤት

ከተጋባን በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ባልና ሚስት የነበርነው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። እኔ ጅዳ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበርኩ፤ የምኖረው ከሌሎች ነርሶች ጋር በሴቶች ማደሪያ ነው። እሱ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ባሉት ሆቴሎች አሳንሰር ይጠግናል፤ የሚያድረው እዚያው መካ ሩሰይፋ የሚባል ሰፈር፣ ከሦስት ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል ነው። እኔ ጋ ወንድ አይገባም፣ እሱ ጋ ሴት አትገባም። ስለዚህ የምንገናኘው ጅዳ ባለች የአክስቴ ልጅ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነበር። ልጆቿ በመሃላችን ይንከባለላሉ፤ እኛ እንደ እንግዳ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን። ሲመሽ እሱ ወደ መካ፣ እኔ ወደ ሌሊት ፈረቃዬ።

አንድ ዓርብ እኔው መካ ሄጄ ዑምራ፣ ትንሹን ሐጅ፣ አደረግኩ። ስመለስ ሊሸኘኝ አብሮኝ ተሳፈረ። ዋናው መንገድ በተጓዥ ተጨናንቆ ስለነበር ሾፌሩ በአሮጌው መንገድ ወሰደን። ባሕራ የምትባል ትንሽ ከተማ መሃል ስንደርስ መኪናው ቀስ አለ። አቧራው በሠርክ ፀሐይ ወርቅ መስሎ ተንሳፍፏል። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ውሃ ትረጫለች፤ ውሃው ገና መሬት ሳይነካ የሚተን ይመስላል። ሸለብ አድርጎኝ ስለነበር ሴትዮዋ እኔ ራሴ መሰለችኝ።

«እዚህስ?» አልኩት።

«እዚህ ምን?»

«እዚህ ብንኖርስ? ላንተም ለኔም ግማሽ መንገድ ነው።»

ሳቀ። «ደሞ እዚህ ምን አለ ብለሽ ነው?»

«ምንም። እኛ እንኖራለና።»

ሳቁን አቆመ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ከተማዋ ከኋላችን እስክትጠፋ ድረስ ዞሮ ሲያያት ቆየ።

በሳምንቱ ቤት ፍለጋ ወጣን። ያገኘነው ደላላ ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው የመናዊ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀን «ዐዋኢል ናችሁ?» ብሎ ነው፤ ባለትዳር ናችሁ ወይ ማለቱ ነው። ባለቤቴ ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ እና የጋብቻ ወረቀታችንን አወጣ። ያ ወረቀት ሁለት ዓመት ሙሉ ከቦርሳ ወጥቶ አያውቅም። ደላላው ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ ሲያነበው፣ ገና ያን ቀን የተዳርኩ ይመስል አፈርኩ።

ያሳየን የመጀመሪያ ቤት ከጎማ ጠጋኞች በላይ ነበር። መዶሻው ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው!» አለን ደላላው፣ እንድንሰማው እየጮኸ። እየሳቅን ወረድን።

ሁለተኛውን ግን ወደድኩት። የወጥ ቤቱ መስኮት የሚያየው አሸዋ ብቻ ነው፤ ከአሸዋው ማዶ ሰማያዊ ተራራ። ዐይኔን ገርበብ አድርጌ በሐሳቤ አልጋውን ከግድግዳው አስጠጋሁ፣ መጋረጃውን ሰቀልኩ፤ የባለቤቴን የሥራ ጫማ በር ሥር አስቀመጥኩ። ደላላው ለቤቱ አከራይ ሊደውል ወጣ። ሲመለስ መሬት መሬት ያያል።

«ለሐበሻ አላከራይም አለ» አለ። «ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ችግር የለም» አለ ባለቤቴ። ከዚያ ውሃ ይመጣ እንደሆነ ለማየት የከፈታቸውን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ዘጋ። ማጠቢያው ላይ የቀረውን ጠብታ ሳይቀር በመሐረቡ ጠረገ። የማይሰጡንን ቤት እንዲያ ተጠንቅቆ ነበር የሚዘጋው። መንገድ ዳር ቆመን መኪና ጠበቅን። የእሱ መኪና ቀድሞ መጣ። ሊገባ ሲል «ቅዳሜ እንመለሳለን» አለኝ፤ መልሴን አልጠበቀም።

ቅዳሜ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር፣ በቀጥታ ባሕራ ሄድኩ። ሦስተኛው ቤት ከመስጊድ ጀርባ ነበር። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ አለ። ፎቁ ላይ ባለቤቲቱ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የሚከራየው ምድር ቤቱ ነው። በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜ ፊቴን ዳሰሰኝ። ባዶ ክፍል፣ ነጭ ወለል፣ ግድግዳው ላይ የሚወዛወዝ የቅጠል ጥላ። ጆሮዬ ውስጥ ሲያቃጭል ያደረው የበሽተኞች ደወል ድንገት ዝም አለ። ባለቤቴና ደላላው የውሃ ታንከሩን ሊያዩ ጣሪያ ወጡ። እኔ ለአፍታ ያህል ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

በሕልሜ እዚያው ቤት ነኝ። ያላየሁት አንድ በር አለ፤ ከፈትኩት። ከኋላው ሌላ ክፍል፣ ከክፍሉም ኋላ ሌላ። በየክፍሉ የማላውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሳልፍ ጠጋ ይሉልኛል፣ ማንም ወዴት ነሽ አይለኝም። የመጨረሻው ክፍል ወለሉ ውሃ ነው፤ ገባሁበት፣ እግሬ ግን አልራሰም።

ስነቃ ጥላው ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞሯል። ራሴ ሥር የተጣጠፈ ጨርቅ አለ፤ ላዬ ላይ የመስገጃ ነጠላ። ባለቤቲቱ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀምጠው በዘንባባ ማራገቢያ ያራግቡኛል። ደንግጬ ተነሣሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኻላ፣ አክስቴ። ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ…»

«ባልሽ ነግሮኛል። እሱና ደላላው ለዙህር፣ ለቀትር ሰላት ወጥተዋል፤ እንዳይቀሰቅሱሽ ከልክያቸው ነው። ተቀመጪ ልጄ።»

ማራገባቸውን አላቆሙም። «ልጄ አግብታ ከሄደች ጀምሮ ይህን ቤት ብዙ ሰው አይቶታል» አሉኝ። «ግድግዳውን ያንኳኳሉ፣ መብራቱን ያበራሉ ያጠፋሉ። እዚህ ቤት የተኛ ግን የለም። አንቺ ስትተኚ የሰው ትንፋሽ ሰማሁ።» ከዚያ ጠየቁኝ፦ «ቀን ቀን ማን ይኖራል?»

እውነቱን መናገር ፈራሁ፤ ተናገርኩት። «ማንም። እኔም በቅርቡ ወደ ቀን ፈረቃ እዛወራለሁ፤ ሁለታችንም ሥራ ነን።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ጥሩ ነው። ማታ ማታ የምጠብቀው ሰው አገኛለሁ።»

ባለቤቴ ሲመለስ ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበር። አንዴ ቁልፉን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ አሮጊቷን አየ። «ተኝተሽ ተከራየሽ?» አለኝ በአማርኛ። ምን እንዳለ ሳይገባቸው እሳቸውም ከኛ ጋር ሳቁ።

ወሩ ሳያልቅ ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወርኩና ገባን። መጀመሪያ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስትና ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነበረን። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ማታ እኔ ቀድሜ ደረስኩ። መብራት ሳላበራ፣ ነፋስ ኒሙ ውስጥ ሲያንሾካሹክ እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። ጀንበር ገብታ መግሪብ ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቲቱ መስለውኝ ከፈትኩ። እሱ ነው፤ የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻው ላይ፣ ቁልፉ ጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቁልፍ ይዘህ ለምን ታንኳኳለህ?» አልኩት።

«እንድትከፍችልኝ» አለ።

ገባና ጫማውን አወለቀ።