ይሉኝታ ያመጣብኝ ወዳጅ

ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር የመጋረጃ ጨርቅ ሱቅ በከፈትኩ ሰሞን ነው። መሳለሚያ ታክሲ ስጠብቅ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ አቀፈኝና «ረሳኸኝ እንዴ?» አለኝ።

«እንዴት እረሳሃለሁ» አልኩት። ፈጽሞ አላወቅኩትም። ግን በደስታ የበራ ፊት ማጥፋት ከበደኝ፤ ታክሲ እስኪመጣ ነው ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

ታክሲያችን አንድ ሆነ። እስክንወርድ ቤተሰቤን በጅምላ ጠየቀኝ፣ እኔም የእሱን በጅምላ ጠየቅኩት። ሱቄ የት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ «እመጣለሁ» አለኝ። በሳምንቱ መጣ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ የጨርቅ ጥቅልሎቹን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል። ስሙን መጠየቅ በሁለተኛው ቀን አሳፈረኝ፤ ከወር በኋላ ጭራሽ የማይሆን ነገር ሆነ። ስልኬ ላይ «የቅዳሜው» ብዬ መዘገብኩት። ስናወራ «ወንድሜ» እለዋለሁ። የማውቀው ሰው ሱቅ ሲገባ፣ አስተዋውቀኝ እንዳይለኝ መቀስ የምፈልግ መስዬ ባንኮኒው ሥር እገባለሁ። እናቴ ስትሞት ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ከጎኔ አልተለየም። ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው እንባዬን ሲጠርግልኝ፣ ከሐዘኑ ሌላ እፍረቱ አንገቴን አስደፋኝ።

ባለፈው ዓመት ልጁ ሊያገባ ሆነና ሽማግሌ ሁንልኝ አለኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ወደ ሙሽሪት ቤት ሄድን፤ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለነበርኩ ተናጋሪም እኔው ሆንኩ።

የልጅቷ አባት ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የመጣንበትን ከሰሙ በኋላ፣ «የላካችሁ የልጁ አባት ማን ይባላሉ?» አሉኝ።

አስመስዬ ሳልኩ፤ ሳሉ ግን እውነተኛ ሆኖ አላቆም አለኝ። ውሃ እስኪቀርብልኝ ከጎኔ የነበረው ዘመድ ስሙን ተናገረልኝ። ላቤን ጠረግኩ።

«በደንብ ያውቋቸዋል?» አሉ አባትየው።

«እናቴን ስቀብር ሦስት ቀን ሙሉ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ነው» አልኳቸው። ስለ እሱ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነበር። አባትየው ለመልሱ በሳምንቱ እንድንመለስ ቀጠሩን።

እሱ ውጭ መንገድ ዳር ይጠብቀን ነበር። ዘመዶቹ ቀደም እስኪሉ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት።

«እኔም ያን ቀን ከሌላ ሰው ጋር አምታትቼህ ነው» አለኝ። «ታክሲው ውስጥ ስታወራ ነው የገባኝ። ስምህን ያነበብኩት ግድግዳህ ላይ ከተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«እመጣለሁ ብዬህ ነበራ።»

እስከዚያ ሰዓት እኔ ብቻ የታሰርኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሁለታችንም አንዳችን ሌላውን ላለማሳፈር ስንጨነቅ ኖረናል። ለመሳቅ ሞከርን፤ ብዙም አልሆነልንም።

ልጅቷን ሰጡን። በሠርጉ ቀን የወዳጄ ሚስት እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ ባሏ ስለ እኔ አውርቶ እንደማይጠግብ፣ የልጅነታችንን ሁሉ እንደነገራት አጫወተችኝ። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«አዎ» አልኳት፣ «ብዙ አሳልፈናል።»