ለአንቺ የተባለችው ሥዕል

ሥዕሉን በአንሶላ ጠቅልላ አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ዘንድ ያመጣችው ሴት ሃምሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ኮቷ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ጫማዋ ግን ተወልውሎ ያበራል። አንሶላውን ስትገልጠው አንገቷን ቀና ያደረገች ወይዘሮ ታየች። ሴትዮዋም ልክ እንደዚያው አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች።

«አያቴ ናት» አለች። «እናታችንን አስታምሜ የቀበርኳት እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ቤቱን ወስደው፣ ‹ከሁሉ የሚበልጠው ለአንቺ› ብለው ይቺን ሰጡኝ።»

ነጋዴው በአጉሊ መነጽር አየና ፈገግ አለ። «የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፣ እህቴ። ላዩን ቫርኒሽ ቀብተውታል። ይህችን ሴትዮ ስንቱ ‹አያቴ ናት› እያለ ያመጣልኛል መሰለሽ። ፍሬሙን ብቻ እወስድልሻለሁ።»

«ሰው ሁሉ ቁርጥ እሷን ነሽ ይለኛል» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምን ይበሉሽ?»

ወረፋ ከምንጠብቀው አንዱ ሳቀ። እሷ ዞር ብላም አላየችው። ስልኳን አውጥታ ታላቅ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እውነትም ውድ ዕቃ ነው አሉኝ።»

የወንድምየው ሳቅ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። «በይ ሰውየው ሳይነቃ ቶሎ ሽጪለት» አላት።

ሳቁ እስኪያበቃ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም። ከዚያ «እሺ፣ ልጆቹን ሳምልኝ» ብላ ዘጋችው።