ሰላምታ የነፈግሁት ሩጫ

ባሕር ዳር፣ ማለዳ

ከቤት ስወጣ ባለቤቴ ደብሬ በር ላይ ቆማ፣ «ዛሬም ሰው ደግፎህ ከመጣህ ጫማህን ለሰው እሰጠዋለሁ» አለችኝ። የቀልድ አነጋገር ነበር፤ ፊቷ ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ አርባን ዘሏል። በመጪው ዓመት ውጭ አገር ለሚደረግ የረጅም ርቀት ትራያትሎን ተመዝግቤያለሁ። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ፣ ሦስቱም ባንድ ቀን፣ በተከታታይ። ለልምምድ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ሩጫው ላይ ወደቅሁ። አሠልጣኜ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጉልበት አላነሰህም። ልብህ ነው ቀድሞህ የሚሮጠው። ምቱን በደቂቃ ከመቶ አርባ አምስት አታሳልፍ።» ዛሬ የመጨረሻው ሙከራ ነው። ከጨረስኩ እሄዳለሁ፤ ካልጨረስኩ እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ከደብሬ ጋር የተስማማነው በዚሁ ነው።

ጣና በማለዳ ይቀዘቅዛል። እኔ ስዋኝ ጓደኛዬ ስማቸው በጀልባ አጠገቤ እየቀዘፈ ዙሪያውን ይቃኛል። «ጉማሬ ካየሁ እነግርሃለሁ፤ አንተ ብቻ ልብህን አረጋጋ» አለኝ። እንዲህ ተብሎ የሚረጋጋ ልብ ካለ አላውቅም። ደግነቱ ጉማሬው አልመጣም፣ ዋናውም በሰላም አለቀ።

ይፋግ፣ ረፋድ

በብስክሌት ሐሙሲትንና የጉማራን ድልድይ አልፌ ወረታን ሳቋርጥ፣ በእጄ ያሰርኩት ሰዓት የልብ ምቴን መቶ ሠላሳ አለው። አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ሲቀድመኝ ልከተለው እግሬን በላኝ፤ ቻልኩት። ይፋግ ገበያ ነበር። አህያና ጆንያ መንገዱን ሞልቶታል። ሙዝ ስገዛ ሻጯ ላቤን አይታ፣ «ወዴት ነው እንዲህ የምትቸኩለው?» አለችኝ።

«አለመቸኮልን ልለማመድ ነው የመጣሁት።»

«እሱንማ እቤትህ ተቀምጠህ አትለማመድም?»

ሙዜን በልቼ ወደ ወረታ ተመለስኩ።

ከወረታ ወደ ሐይቁ፣ ቀትር

ብስክሌቱን ከማውቀው ሰው ሱቅ አኑሬ፣ ጫማ ቀይሬ ወደ ሐይቁ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ሮጥኩ። ኅዳር ነው፤ የፎገራ ሩዝ ቢጫ ሆኖ ይታጨዳል። በየማሳው ደቦ አለ፤ አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። «ኧረ ጎራ በል፣ ቅመስ!» አለኝ አንድ አጫጅ። እጄን እንኳ አላነሳሁም። ዓይኔ ከቁጥሩ ላይ ነው፤ ትንፋሼን በሰላምታ መጨረስ አልፈለግሁም። «ምነው፣ ደኅና ነው?» አለ ሌላው። አሁንም ዝም።

ዜማው ቆመ። ዞር ስል አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው ይከተሉኛል። ምን አጠፋሁ? ደንግጬ ፍጥነት ጨመርኩ፤ እነሱም ጨመሩ። ሰዓቱ ጮኸ፤ መቶ ሰባ አንድ። ሙከራዬ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ቆምኩ።

መጀመሪያ የደረሱብኝ አንዲት እናት ናቸው፤ እትዬ የሺ ይባላሉ። ገለባ በሻሻቸው ላይ ተሰክቷል። «ለማን ቤት ነው የመጣኸው? አትደብቀኝ። ልጄ ነው?» አሉኝ።

ነገሩ አልገባኝም። ከኋላቸው የደረሱ ሽማግሌ አስረዱኝ። «ልጄ፣ በኛ አገር ብቻውን የሚሮጥ፣ ሲጠሩት የማይመልስ ሰው ክፉ ወሬ የያዘ ነው። የሷ ልጅ ባሕር ማዶ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶባታል።»

በጣም አፈርኩ። «ስፖርት ነው፣ እትዬ። የማንንም መርዶ አልያዝኩም» አልኳቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መሬት ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌላ የማደርገው ቢጠፋኝ ሰዓቱን ፈትቼ በእጃቸው አሰርኩላቸው። አረፍ ብለው ቆይተዋል፣ ቁጥሩ ግን ገና መቶ ሃምሳ ነበር።

«ምን ይላል?»

«ልብዎ አሁንም እየሮጠ ነው ይላል።»

«እሱንማ ልጄ ከሄደ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ።

ቁጥሩ እስኪወርድ አልተነሣሁም። ሰዓቱን ሲመልሱልኝ፣ «በል ሂድ። ግን ያገኘኸውን ሁሉ ሰላም በል፤ ሰው አታስደንግጥ» አሉኝ።

እንደታዘዝኩት ሮጥኩ። በየማሳው «እግዜር ያበርታችሁ!» እላለሁ፤ «አሜን!» ይሉኛል። በዚያ መች ያበቃል? ከየት መጣህ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ አገሩ ሰላም? ትንፋሽ ሲያጥረኝ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ እርምጃዬን እቀንሳለሁ። ሐይቁ ዳር ደርሼ ስመለስ ሰዓቱን ማየት እንደረሳሁ ትዝ አለኝ። መቶ ሠላሳ ስምንት ይላል። እትዬ የሺ ከማሳቸው ማጭዳቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ። ወረታ በገዛ እግሬ ገባሁ።

ባሕር ዳር፣ ምሽት

ብስክሌቴን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ቤቴ ገባሁ። «ጨረስክ?» አለች ደብሬ።

«ጨረስኩ። ግን መሀል ላይ ተቀምጫለሁ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«እዚያ ሰው አገር ማንን ሰላም ልትል ነው?»

«ያገኘሁትን። ባይመልሱልኝም፣ ሰላም የምልበት ትንፋሽ ካለኝ ይበቃኛል።»

ጫማዬን ከበሩ ሥር አነሣች። ለሰው ልትሰጠው ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ደጅ ወጥታ የፎገራን አቧራ ታራግፍለት ጀመር። ደስ አለኝ፤ የደስታዬን ያህል ግን አልተኛሁም። የኔ ልብ ሲሮጥ ውሎ ማታ አረፈ። የእትዬ የሺ ልብ የሚያርፈው አንድ ድምፅ ከባሕር ማዶ «እንዴት ዋልሽ፣ እናቴ?» ሲላቸው ነው።