የታነቅኩት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቅኩትም እኔ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሱሉልታ ውስጥ የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነኝ። ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያንገበግበኛል።

አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ፀጉሩን ጎንና ጎኑን ተላጭቶ፣ መሐሉን ቀጥ አድርጎ አቁሞ መጣ። ደንባችን አይፈቅድም። «ተስተካክለህ ና» ብዬ ወደ ቤቱ ላክሁት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ብዙም ሳይቆይ የቢሮዬ በር ብርግድ አለ። አባቱ ነው፤ የአይሱዙ ሹፌር። ጉድ እኮ ነው፣ እሱም ያንኑ ቁርጥ ተቆርጧል!

«ልጄን ዱርዬ ያልከው አንተ ነህ?»

አላልኩም ልል አፌን ስከፍት ከረባቴን ጨምድዶ አነቀኝ። «ደሞዝህ አንድ ጎማ አይገዛም፤ ልጄን ልታዝ ነው?» እያለ ወዘወዘኝ። መምህራን ተሯሩጠው አላቀቁኝ። ተማሪዎቼ በመስኮት ተደራርበው ያያሉ። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር!

ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ስነሳ ሽማግሌዎች ቀድመውኝ ከች አሉ። ሰብሳቢያቸው ኦቦ ጉተማ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ እምቢ የሚል የለም።

«ዺሲ፣ ዺሲ! ተወው በቃ» አሉኝ። «እሱን ጭነት ይዞ ሲመላለስ የዓባይ በረሃ ሙቀት ናላውን አዙሮት ነው። አንተ ግን የተማርክ ነህ። ቀስ ብለህ ብትነግረው ምን ነበረበት?»

«ኧረ ኦቦ፣ የታነቅኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱንማ ሰምተናል።»

ጥፋቱን ለሁለት አካፈሉን። እሱ ስላነቀኝ፣ እኔ ስላስቆጣሁት። ተነሡና ተሳሳሙ ተባልን። ቀድሜ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ የተማርኩ ነኛ!

ከዚያ ወዲያ ሥራው አስጠላኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር እጄ ወደ አንገቴ ይሄዳል። ሒሳብ ሳስተምር የነበርኩበት ጊዜ ናፈቀኝ። ወደ ክፍል መልሱኝ ብዬ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት አመለከትኩ።

መልሱን ስጠብቅ የወላጆች ኮሚቴ ምርጫ ደረሰ። ሰብሳቢ ሆኖ ማን ቢመረጥ ጥሩ ነው? የአይሱዙው ሹፌር! «ለልጆቻችን ተቆርቋሪ ነው» ተብሎ ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

በመጨረሻ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጠሩኝ። ፊታቸው በፈገግታ በርቷል።

«ጥያቄህን አልተቀበልነውም። ኮሚቴውን ስናማክር ሰብሳቢው አመስግኖህ አልጠግብ አለ። ‹እሱንማ እንዳትነኩብን! እኔ ራሴ አንቄው ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። እንዲህ ያለ ታጋሽ ከየት ይመጣል?› አለን። በርታ!»

አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ይኸው ዛሬም ዳይሬክተር ነኝ። ድሮ የምወደውን ሥራ አሁን እየመረረኝ እሠራዋለሁ። ለኃላፊው ያልነገርኳቸውን ለእናንተ ልንገራችሁ፦ ያን ቀን ክፉ ቃል ያልወጣኝ ታግሼ አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።