ውኃ የማያስገባው ካፖርት

መስከረም ውስጥ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ዛሬም ዝናብ የነካው ሱፍ ሲሸተኝ ያ ሰዓት ይመለስብኛል። ጉሙ የጎንደርን ግንብ ጫፍ ውጦ፣ አባቴ አራዳ ገበያ መካከል ቆሞ በሰው ካፖርት ላይ ውኃ ያፈሳል።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በመምህርነት ጃን አሞራ ውስጥ መካነ ብርሃን ተመድቤ ነበር። የጃን አሞራ ብርድ አጥንት ይሰብራል ብለው ጎረቤቶቻችን አስፈራርተውኛል። አባቴ የደብራችን መሪጌታ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ሳል ማሕሌት መቆም ከልክሎታል። ያን ቀንም እስከ ገበያው እያረፈ ነው የሄደው። «ጉንፋን ነው» ይለኛል። እኔም ላምነው እጥር ነበር።

ነጋዴው መጀመሪያ ያሳየን ግራጫ ካፖርት ያምር ነበር። አባቴ እጅጌውን አጎድጉዶ ከቅል ውኃ ቢያደርግበት ወዲያው በታች ተንጠባጠበ።

«ምነው የኔታ፣ ካፖርቱን ሊያጠምቁት ነው?» አለ ነጋዴው እየሳቀ።

«ሳይጠመቅ ጃን አሞራ አይገባም።»

ቡናማውም አፈሰሰ። በጥቁሩ ላይ ግን ውኃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወደቀ።

«የመርከበኛ ነው፤ ከምጽዋ የመጣ» አለ ነጋዴው።

ሲያለብሰኝ ከባድ ነበር፤ ከኋላዬ ሰው የተደገፈኝ መሰለኝ። የናስ ቁልፎቹ ያበራሉ።

«ጥቁር ነው እኮ፣ አባዬ።»

«ብርድ ቀለም አይመርጥም።»

ከዚያ ገበያው ዳር ወደተቀመጠው ልብስ ሰፊ ወሰደኝና የናስ ቁልፎቹን ሁሉ አስፈትቶ በጥቁር አስለወጣቸው።

«ይህን የመሰለ ጌጥ!» አለ ልብስ ሰፊው።

«አሁን አያሻትም» አለ አባቴ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ። ናሶቹን በመሐረብ ቋጥሮ ሰጠኝ። መሐረቡ ዛሬም አልተፈታም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ካፖርቱን አየችና እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። እኔን ወደ ጓዳ ላከችኝ፤ ድምፃቸው ግን ተከተለኝ።

«ምነው አንቱ! በቁምዎ ጥቁር ይገዙላታል?»

«አገሩ ሩቅ ነው። መርዶ ሲደርሳት ጥቁር ከየት ታመጣለች?»

እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

«ዝም በይ» አላት። «ካወቀች አትሄድም።»

ምሳ ላይ እየጎረሰ ስለ በቅሎ መንገድ አጫወተኝ። ልጠይቀው ፈልጌ ወጥ ጨመርኩለት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሣ፣ ወደ ደባርቅ የምትሄደው መኪና ዘንድ ሸኘኝ።

«አልሄድም» አልኩት።

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። እንደ ሰማሁ ያን ጊዜ ገባው።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ አስተምሬ፣ የገዛ ልጄ በእኔ ምክንያት ከማስተማር ትቅር? ትሄጃለሽ።»

ብርዱ ያንቀጠቅጠው ነበር። ካፖርቱን አውልቄ ትከሻው ላይ ደረብኩለት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ ግን ተጠቀለለበት። ጎን ለጎን ቆምን። ካፖርቱ ሰፍቶት ነበር።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ራሱ መልሶ አለበሰኝ። የገላው ሙቀት ሱፉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ጉልበቱን ስሜ ተነሣሁ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣብኝ ጥቁሮቹን ቁልፎች እስከ አንገቴ ቆልፌ ተሳፈርኩ። የኮሶዬን ዳገት አልፈን ፀሐይ ወጥታ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ድርቡን ሲያወልቅ፣ እኔ አንዱንም ቁልፍ አልፈታሁም።